የግቢ ዛፍ አገራረዝ፦ ቅርጹን ሳያበላሹ ሸክሙን ማቅለል

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ትዕይንት ይመለከታል። ገጀራ ወይም መጥረቢያ የያዘ የቀን ሠራተኛ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ አናቱን ይጎምዳል፤ የግቢው ባለቤት ከታች ቆሞ «ገና ነው፣ ዝቅ አድርገው» ይላል። ሥራው ሲያበቃ ትናንት እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የነበረው ዛፍ ጥቂት ጉማጆች የቀሩት ምሰሶ መስሎ ይቆማል።

ባለቤቱን መውቀስ አይገባም። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም ሆነ በኋላ በፍጥነት ሲያድጉ የቆዩ ናቸው። ዛፉ ሲተከል ባዶ ሜዳ የነበረው ቦታ ዛሬ የጎረቤት ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሕፃናት መጫወቻ ሆኗል። ስለዚህ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ አናቱ የተጎመደ ዛፍ በእርግጥ ከቀድሞው ይልቅ አስተማማኝ ነውን?

ይህ ጥያቄ ለእኔ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰበታ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ውስጥ አባቴ የተከሉት አንድ ጃካራንዳ አለ። ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ የዛፉ አናት ተጎመደ። ስመለስ ከየጉማጁ ጫፍ ቀጥ ቀጥ ብለው የወጡ ብዙ ቀንበጦች እንደ መጥረጊያ ቆመው አገኘኋቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የነሐሴ ነፋስ ከእነዚህ መካከል ክንድ የሚያህለውን ከሥሩ ገንጥሎ እናቴ ልብስ ከሚያጥቡበት ድንጋይ አጠገብ ጣለው። ሰው አልተጎዳም። እናቴ ግን «ልጄ፣ ሰው ሳይገድል ከሥሩ ይቆረጥ» አሉ። ውሳኔውን ለአንድ ዓመት እንዲያዘገዩልኝ ለመንኳቸው። ከዚህ በታች የቀረበው በዚያ ዓመት ያነበብሁት፣ ያሰላሁትና በመጋዝ የሞከርሁት ነው።

ነፋስ፣ ክንድና ግንድ

የዛፍን ቅጠልና ቅርንጫፍ የተሸከመውን የላይኛውን ክፍል «አክሊል» ብለን እንጥራው። ነፋስ በአክሊሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም የአየሩ እፍግታ፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የአክሊሉ ስፋትና የቅርጹ ለነፋስ መታዘዝ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ብርቱው ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር እንመልከተው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በባሕር ዳርቻ ግን ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ብርቱ ነፋስ በሴኮንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነፈሰ እንበል። የእፍግታው ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 180 ኒውተን ያህል ግፊት ይሰጠናል። ቅጠሎች ታጥፈው ነፋሱን ስለሚያሳልፉ ከዚህ ግማሹ ብቻ በዛፉ ላይ ይሠራል ብለን እንውሰድ፤ ይህም 90 ኒውተን ነው። የአክሊሉ ገጽታ 30 ሜትር ካሬ ቢሆን ጠቅላላው ኃይል 2,700 ኒውተን ይሆናል።

ይህ ኃይል ግንዱን የሚያጎብጠው በክንዱ ርዝመት ተባዝቶ ነው። የአክሊሉ መካከል ከመሬት 7 ሜትር ከፍ ቢል የማጉበጥ ጫናው 2,700 በ7 ሲባዛ፣ 18,900 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ግንዱ 40 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ቢኖረው በቅርፊቱ አጠገብ ባለው እንጨት ላይ የሚያርፈው ውጥረት ወደ 3 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የእርጥብ እንጨት ጥንካሬ እንደ ዛፉ ዓይነት ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሜጋ ፓስካል አያንስም። ይህም ማለት ጤናማ ግንድና ጤናማ ሥር ያለው ዛፍ በዚህ ነፋስ ውስጥ ከሚሸከመው አሥር እጥፍ ያህል አቅም በመጠባበቂያነት ይዟል ማለት ነው። ዛፉ ረጅም መሆኑ ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም።

የመጠባበቂያው ምስጢር የግንዱ ውፍረት ነው። ውጥረቱ ከዲያሜትሩ ኩብ ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል፤ ግንዱ በግማሽ ቢቀጥን ውጥረቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ መካከሉ የተቦረቦረ ግንድ ሰዎች እንደሚያስቡት ደካማ አይደለም። የቀዳዳው ዲያሜትር ከግንዱ ዲያሜትር ግማሽ ቢደርስ ግንዱ የሚያጣው ጥንካሬ አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ነው፤ ጉብጠትን የሚቋቋመው በዋናነት የውጭው ቀለበት ስለሆነ ነው። ቀዳዳው ወደ ዘጠኝ አሥረኛ ሲጠጋ ግን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይጠፋል። ለዚህ ነው ባዶ የሆኑ የብስክሌት ቱቦዎች ጠንካራ የሚሆኑት፤ ለዚህም ነው ውጭውን ቅርፊትና እንጨት የሚያቆስል ሰው ከመካከሉ መበስበስ ይልቅ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው።

አናቱ ሲጎመድ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ጃካራንዳው እንመለስ። በየቅርንጫፉ ጫፍ ያለው እምቡጥ ኦክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህን ንጥረ ነገር ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ምርምር በሚገባ አሳይቶታል። ኦክሲን ከጫፍ ወደ ታች እየወረደ ከሥሩ ያሉት እምቡጦች እንዳይነቁ ይገታቸዋል። ጫፉ ሲጎመድ ግን ይህ መቆጣጠሪያ ይነሳል፤ ከቅርፊቱ ሥር አንቀላፍተው የኖሩ እምቡጦች በአንድ ጊዜ ይነቃሉ። ዛፉ በድንገት ያጣውን ቅጠል ለመተካት የተከማቸ ምግቡን ሁሉ ወደ እነርሱ ያፈሳል። ቀንበጦቹም ብርሃን ለመሻማት ቀጥ ብለው ይሮጣሉ። ጃካራንዳ ለዚህ ዓይነት ቀጥ ያለ ቀንበጥ በጣም የተጋለጠ በመሆኑ አንዴ ከተጎመደ የጃንጥላ ቅርጹን መልሶ ማግኘት ይቸገራል።

ችግሩ ግን የውበት ብቻ አይደለም። በተፈጥሮ ያደገ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ዓመት በዓመት እየተደራረበ ስለሚያድግ ሥሩ በግንዱ ውስጥ ተቀብሯል። ከጉማጅ የወጣ ቀንበጥ ግን የተያያዘው በውጭው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ከሥሩ ያለው የጉማጁ እንጨት ደግሞ መበስበስ ጀምሯል። አሁንም በዚያው ነፋስ እናስላው። ቀንበጡ 8 ሳንቲሜትር ይወፍራል፤ 3 ሜትር ካሬ ቅጠል ይዟል፤ የነፋሱ ኃይልም ከመያያዣው 4 ሜትር ርቆ ያርፋል። ኃይሉ 270 ኒውተን፣ የማጉበጥ ጫናው 1,080 ኒውተን ሜትር፣ ውጥረቱም ከ21 ሜጋ ፓስካል በላይ ይሆናል። ይህ በዋናው ግንድ ላይ ካገኘነው ሰባት እጥፍ ነው፤ የሚያርፈውም በጤናማ እንጨት ላይ ሳይሆን በደካማ መያያዣ ላይ ነው።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው። የተጎመደ ዛፍ ለአንድና ለሁለት ክረምት ይቀልላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቀድሞው የበለጠ አደገኛ ይሆናል። ባለቤቱም ቀንበጦቹን አይቶ እንደገና ያስጎምደዋል። እንዲህ እያለ ዛፉ እስኪሞት ድረስ ዑደቱ ይቀጥላል።

ዛፍ ቁስሉን አያድንም፤ ያጥረዋል

የሰው ቆዳ ሲቆስል የሞተው ሥጋ በአዲስ ይተካል። ዛፍ እንዲህ አያደርግም። የቆሰለው እንጨት እስከ መጨረሻው ቁስል ሆኖ በውስጡ ይቀራል፤ ዛፉ የሚያደርገው በዙሪያው አጥር መሥራት ነው። ይህን በግልጽ ያስረዳው አሜሪካዊው የዛፍ በሽታ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ በአገሩ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ ብስባሽ እንዴት እንደሚጓዝ መረመረ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራም ዛፍ ብስባሽን በአራት ዓይነት ግድግዳ እንደሚከልል ገለጸ። ሦስቱ ግድግዳዎች ቀድሞ በነበረው እንጨት ውስጥ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ አራተኛውና ጠንካራው ከቁስሉ በኋላ በሚያድገው አዲስ እንጨትና በአሮጌው መካከል ይቆማል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ትምህርቶች እናገኛለን። የመጀመሪያው የቁስሉ መጠን ነው። አዲስ እንጨት ቁስሉን የሚሸፍነው ከዳር ወደ መካከል ስለሆነ የሚወስደው ጊዜ በቁስሉ ስፋት ይወሰናል። በዓመት 1 ሳንቲሜትር ከየዳሩ ይሸፍናል ብንል 5 ሳንቲሜትር የሆነ ቁስል በሁለት ዓመት ተኩል ይዘጋል፤ 20 ሳንቲሜትር የሆነው ግን አሥር ዓመት ይፈልጋል። ለብስባሽ የተጋለጠው ገጽታ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ ቁርጦች ከአንድ ትልቅ ቁርጥ ይሻላሉ።

ሁለተኛው የቁርጡ ቦታ ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚገናኝበትን ስፍራ በጥንቃቄ ብንመለከት በሥሩ ዙሪያ እንደ ኮት አንገትጌ ያበጠ ቀለበት፣ ከላይ ደግሞ በባላው ውስጥ የተሸበሸበ የቅርፊት መስመር እናያለን። አንገትጌው የግንዱ አካል ነው፤ መከለያው ግድግዳ የሚሠራውም በእርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ መቁረጥ ያለብን ከአንገትጌው ወዲያ፣ አንገትጌውን ሳንነካ ነው። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት አንገትጌውን ያጠፋዋል፤ ረጅም ጉቶ መተው ደግሞ ዛፉ ሊሸፍነው የማይችለውን የሞተ እንጨት ለብስባሽ ድልድይ ያደርገዋል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት ብዙ ሰው የሚያምንበት ልማድ ቢሆንም ብስባሽን እንደማይከላከል ተረጋግጧል፤ እንዲያውም እርጥበት አፍኖ ሊይዝ ይችላል። በትክክለኛው ቦታ በስለታም መጋዝ የተቆረጠ ቁስል እንዲሁ ቢተው ይመረጣል።

ምን ያህል ይቆረጥ? የሊዮናርዶ ሂሳብ

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በማስታወሻው ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አስፍሯል። የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች በማናቸውም ከፍታ ላይ በአንድነት ቢታሰሩ ውፍረታቸው ከታች ካለው ግንድ ውፍረት ጋር እኩል ይሆናል የሚል ነው። በዛሬው ቋንቋ የቅርንጫፎቹ የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት ድምር ከግንዱ ጋር ይተካከላል እንደማለት ነው። ለምሳሌ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ግንድ እኩል ለሁለት ቢከፈል እያንዳንዱ 21 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል እንጂ 15 አይሆንም። ሕጉ በሁሉም ዛፍ ላይ ፍጹም ባይሠራም ለብዙዎቹ ጥሩ ግምት ይሰጣል።

ይህ ሕግ ለገረዛ ጠቃሚ መለኪያ ይሆነናል። አንድ ቅርንጫፍ የሚሸከመው ቅጠል ከስፋቱ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ቅርንጫፉን ስንቆርጥ ከአክሊሉ ስንት በመቶ እንደምናነሳ አስቀድመን ማወቅ እንችላለን። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። የዙሪያ ልኬት ከዲያሜትር ጋር ቀጥታ ስለሚመጣጠን ዲያሜትር ማስላትም አያሻም፤ የዙሪያዎቹን ካሬ ማነጻጸር ይበቃል።

ለምሳሌ ከመጀመሪያው ባላ በታች የግንዱ ዙሪያ 126 ሳንቲሜትር ነው፤ ካሬው 15,876 ይሆናል። ለመቁረጥ ያሰብነው ቅርንጫፍ ዙሪያው 38 ሳንቲሜትር ነው፤ ካሬው 1,444 ነው። የሁለቱ ንጽጽር 9 በመቶ ያህል ነው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ 31 ሳንቲሜትር ቢሆን 961፣ ማለትም 6 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ በድምር 15 በመቶ ሆኑ። ለወጣት ዛፍ በአንድ ዓመት እስከ አንድ አራተኛ ማንሳት ይቻላል፤ ለጎለመሰ ዛፍ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ማለፍ አይገባም። እንግዲህ የዚህ ዓመት ድርሻችን አለቀ ማለት ነው፤ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ለከርሞ ይቆያል። አሮጌ ዛፍ ቅጠሉ ጉልበቱ ነውና።

የትኛው ይቆረጥ?

ተመሳሳይ መጠን ቆርጠን ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ልናገኝ እንችላለን። በብዙ ግቢዎች የሚታየው ሁለተኛው ስሕተት ሠራተኛው የውስጡንና የታችኛውን ቅርንጫፍ ሁሉ መልምሎ ቅጠሉን በጫፍ ብቻ መተው ነው። ከላይ ወደ ተመለከትነው ዛፍ ተመልሰን እንየው። ከ30 ሜትር ካሬው ገጽታ 15 በመቶ ከውስጥና ከታች ቢነሳ 25.5 ይቀራል፤ የአክሊሉ መካከል ግን ከ7 ወደ 8 ሜትር ከፍ ይላል። ስፋቱን በክንዱ ብናባዛ ከ210 ወደ 204 ወረደ፤ ሸክሙ የቀነሰው 3 በመቶ ብቻ ነው። ያው 15 በመቶ ከውጭና ከላይ ዳር ተነስቶ መካከሉ ወደ 6.3 ሜትር ቢወርድ ግን ውጤቱ 161 ያህል ይሆናል፤ ሸክሙ በ23 በመቶ ቀለለ። በተጨማሪም የውስጥ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምት ስለሚወዛወዙ የዋናውን ግንድ መወዛወዝ ያረግባሉ። እነርሱን ማስወገድ ከመኪና ላይ ሾክ አብዞርበር እንደመፍታት ነው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የሞቱ፣ የተሰበሩና የታመሙ ቅርንጫፎች ይነሳሉ። ሁለተኛ፣ እርስ በርስ ከሚፋተጉት ደካማው ይወገዳል። ሦስተኛ፣ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መንገድ የረዘመው ያጥራል። ሲያጥርም በመካከሉ አይጎመድም፤ ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚያድግ የጎን ቅርንጫፍ እስካለበት ባላ ድረስ ይቆረጣል። ያ የጎን ቅርንጫፍ ቢያንስ የተቆረጠው ውፍረት ሲሶ ሊኖረው ይገባል፤ ያን ጊዜ የጫፉን ሥራ ተረክቦ ኦክሲን ያመነጫል፤ ያንቀላፉት እምቡጦችም በብዛት አይነቁም። አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ከዛፉ ወርዶ፣ አሥር እርምጃ ርቆ ቅርጹን ከአራት አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ዛፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የዛፉን ቅርጽ አያይም። በደንብ የተገረዘ ዛፍ ምልክቱ መገረዙ አለመታወቁ ነው።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ከተቆረጠ ግማሽ ሳይደርስ በክብደቱ ይሰበርና የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ በላዩ ይለጠጣል፣ በታቹ ይጨመቃል፤ ሲወድቅም የታችኛው ቅርፊት እንደ ማጠፊያ ሆኖ ይቀደዳል። መፍትሔው ሦስት ቁርጥ ነው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ከታች በኩል የውፍረቱን ሲሶ ያህል መግዘዝ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ከላይ ቆርጦ መጣል፤ በመጨረሻም ቀላሉን ጉቶ በእጅ ደግፎ ከአንገትጌው ወዲያ መቁረጥ። ገጀራና መጥረቢያ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። ስለታም የእጅ መጋዝ ያስፈልጋል፤ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲኬድም በሽታ እንዳይዛመት መጋዙን በአልኮል መጥረግ ይገባል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ዛፎች

አንድ ደንብ ለሁሉም ዛፍ አይሠራም። በሰበታ ግቢዎች የሚታየው ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ሰፊ አክሊል ያለው፣ ሲቆረጥ ቀጥ ያለ ቀንበጥ የሚያበዛ ዛፍ በመሆኑ ለእርሱ የሚስማማው ጥቂትና ትንንሽ ቁርጥ ነው።

በቡራዩ በአጥር ዳር ተሰልፎ የሚገኘው ግራቪሊያ መገኛው ምሥራቅ አውስትራሊያ ሲሆን በተፈጥሮው አንድ ቀጥ ያለ ግንድ አለው። የጎን ቅርንጫፎቹን መግረዝ ይችላል፤ አናቱ ሲጎመድ ግን አንዱ ግንድ ሁለት ሦስት ይሆናል። በመካከላቸውም ቅርፊት ተቀርቅሮ የሚቀርበት ጠባብ ባላ ይፈጠራል። እንጨቱ በነፋስ ተሰባሪ ስለሆነ እንዲህ ያለው ባላ ለመሰንጠቅ ይፈጥናል። ከሁለቱ አንዱን በለጋነቱ ማስወገድ ይበጃል።

በሱሉልታ ቅዝቃዜን ችሎ የሚኖረው የሐበሻ ጥድ ነው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የሚታወቀው በዚህ ዛፍ ነው። ጥድ ከሌሎቹ የሚለይበት ዋና ነገር አለ፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያቆጠቁጥም። አረንጓዴውን አልፎ የገባ መጋዝ የሚተወው ባዶ ቦታ እድሜ ልኩን ባዶ ይሆናል። ወይራ ግን ከአሮጌ እንጨቱም ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ለወይራ የሚፈቀደው ለጥድ አይፈቀድም።

መቼ ይቆረጥ?

ከሦስቱ ከተሞች ይበልጥ ውርጭ የሚፈራባት ሱሉልታ ናት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትረጫለች፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ከዙሪያው ኮረብታ እየተንሸራተተ በሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ከዚህ ወቅት ቀደም ብሎ የተገረዘ ዛፍ የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ በውርጭ ይቃጠላል። በክረምት መቁረጥም አይመከርም፤ እርጥበቱ ለብስባሽ ፈንገስ ይመቻል፣ ቅርፊቱም ያሟልጫል። የሚሻለው ጊዜ የውርጩ ወራት ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት አካባቢ፣ አየሩ ደረቅ ሳለ ነው። አበባው እንዲቀርበት የማይፈልግ ሰው አበባው እንደረገፈ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ሊቆርጥ ይችላል። የሞተ ቅርንጫፍ ግን ወቅት አይጠብቅም።

ስለ ጥንቃቄ

12 ሳንቲሜትር የሚወፍርና 3 ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ ወደ 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ከ4 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነ፣ ወደ 1,200 ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይዞ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ሰው እንዳይኖር፣ ቅርንጫፉም በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ያሻል። በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ከሆነ ማንም በራሱ ሊነካው አይገባም። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን መንካት ብቻ ሳይሆን መቅረብም ሊገድል ይችላል። ይህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያዎች ሥራ ነው። ግንዱ በድንገት ያዘመመ፣ በሥሩ ዙሪያ አፈሩ የተነሳ ወይም እንጉዳይ ያበቀለ ዛፍ ደግሞ ገረዛ አያድነውም፤ ባለሙያ ሊያየው፣ ምናልባትም ሊቆረጥ ይገባዋል።

የእናቴ ጃካራንዳ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም አልነበረበትም። ግንዱን በመዶሻ እየመታሁ ድምፁን አዳመጥሁ፤ ሥሩን ቆፈር ቆፈር አድርጌ አየሁ። ከዚያም በየካቲት ወር በእያንዳንዱ ጉማጅ ላይ ከነበሩት ቀንበጦች በአቅጣጫውም ሆነ በመያያዣው የተሻለውን መረጥሁ፤ ከቀሩት ጥቂቶቹን ቆረጥሁ፣ ሌሎቹን አሳጠርሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እንዲሁ አደረግሁ፤ በየዓመቱም የካሬውን ሂሳብ በደብተር ላይ መዘገብሁ። የድሮው ጃንጥላ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የተጎመደ ዛፍ የቀድሞ ቅርጹን ሙሉ በሙሉ አያገኝምና። ነገር ግን ዛሬ ረዣዥሞቹ ቀንበጦች የሉም፤ የቀሩትም ወፍረው ቅርንጫፍ ሆነዋል።

እናቴ የልብስ ማጠቢያ ድንጋያቸውን ከዛፉ ሥር ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል። ፊዚክስ ይህን ውሳኔ የሚቃወምበት ምክንያት የለውም፤ አደጋ የሚለካው በሚወድቀው ነገር ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባለውም ነው። ዛፉን ግን ከሥሩ ይቆረጥ ማለታቸውን ትተዋል። ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ዓመት በግቢያችሁ ውስጥ ገጀራ ከመነሳቱ በፊት ሜትር ይነሳ። አንድ ዛፍ የሠላሳ ዓመት ቅርጹን የሚያጣው በግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ለአሥር ደቂቃ መለካት ብዙ አይደለም።